ሰው ሲንቀጠቀጥ፣ አፉ ሲተሳሰር፣ ሲወድቅ፦ መጀመሪያ ስኳሩን ለኩ

ድሬዳዋ ላይ አንድ ሰው ከሰዓት በኋላ ላብ አጥምቆት፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ ንግግሩ ቢምታታበት፣ ዙሪያውን ያለው ሰው ምክንያት አያጣለትም። «አቦ፣ ሙቀቱ ነው» ይላል አንዱ። ሌላው ምርቃና ነው ይላል። እናቶች ምች መታው ይላሉ። ቤቱ ውስጥ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ከሆነ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ አለ፦ ስኳሩ ስንት ነው?

አጥብቄ የምናገረው በምክንያት ነው። አንጎል ጉልበቱን በዋናነት የሚያገኘው ከደም ስኳር ነው። ስኳሩ ሲወርድ ቶሎ የሚናጋውም እሱ ነው። ስለዚህ የወረደ ስኳር ስትሮክ ይመስላል። የሚጥል በሽታ ይመስላል። ስካርም ይመስላል። ልዩነቱ፣ የወረደ ስኳር ሰውየው ነቅቶ መዋጥ እስከቻለ ድረስ ቤት ውስጥ በሩብ ሰዓት ሊስተካከል ይችላል። ስትሮክና የሚጥል በሽታ ግን ሐኪም ይፈልጋሉ፣ ያውም ቶሎ።

ከታች ያለውን በቅደም ተከተል ጻፍኩት። የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ለድንገተኛ ጊዜ ናቸው። ቀሪው ለየዕለቱ ኑሮ ነው። የመድኃኒት መጠን መቀየር የሐኪማችሁ ሥራ ነው፤ እሱን ለእሱ ተዉለት።

1. ዕቃውን ቀድማችሁ አዘጋጁ

የስኳር መለኪያ ማሽን፣ ስትሪፕ፣ የጣት መውጊያ መርፌ፣ በትንሽ ዕቃ የተቋጠረ ስኳር፣ አንድ ደብተር። ሁሉም በአንድ ቦርሳ፣ ልጆች ጭምር በሚያውቁት ቦታ ይቀመጡ። የምታውቁት የባጃጅ ሾፌር ስልክ ደብተሩ ሽፋን ላይ ይጻፍ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ መንገድ ወጥቶ ባጃጅ መፈለግ ሌላ ጣጣ ነው።

ማሽን ስትገዙ ከዋጋው በፊት ስለ ስትሪፑ ጠይቁ። አንዱ ማሽን የሌላውን ስትሪፕ አይቀበልም። ውጭ ያለ ዘመድ የላከው ማሽን ስትሪፑ እዚህ ከሌለ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ደግሞም ከአንዳንድ አገሮች የሚመጡ ማሽኖች የሚያሳዩት ቁጥር እኛ ከለመድነው ይለያል። እዚህ 126 የምንለው እነሱ ላይ 7 ሆኖ ይነበባል። ማሽናችሁ እንደ 5.5 ወይም 7.2 ያለ ነጥብ ያለው ቁጥር ካሳየ በ18 አባዙት። እኔ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቁጥሮች በሙሉ በሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ናቸው።

2. አለካኩን አስተካክሉ

እጅ በውሃና በሳሙና ይታጠብ፣ በደንብም ይድረቅ። ማንጎ የነካ ወይም ሙሸበክ የቆረሰ ጣት ሳይታጠብ ከተለካ፣ ማሽኑ የሚነግራችሁ የማንጎውን ስኳር ነው። ውሃ ከሌለ የመጀመሪያውን የደም ጠብታ ጥረጉና ሁለተኛውን ለኩ።

የጣቱን ጫፍ መሐል ሳይሆን ጎኑን ውጉ፤ ሕመሙ ይቀንሳል። ደሙ እምቢ ካለ እጁን ወደታች አንጠልጥሉና ከመዳፍ ወደ ጣት ቀስ እያላችሁ እሹት። ጫፉን ብቻ አትጭመቁ። የስትሪፑ ብልቃጥ ወዲያው ይከደን። ሙቀትና እርጥበት ያበላሸዋል፣ የተበላሸ ስትሪፕ ደግሞ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል። ባጃጅ ውስጥ ወይም ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ አታስቀምጡት።

3. ቁጥሩ ከ70 በታች ከሆነ

ሰውየው ነቅቶ መዋጥ የሚችል ከሆነ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጣችሁ አጠጡት። ወይም የ300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ግማሹን ስጡት፣ ስኳር የሌለውን ዓይነት ሳይሆን መደበኛውን። ሐልዋና ሙሸበክ ለዚህ አይሆኑም። ጣፋጭ ቢሆኑም ቅባታቸው ስኳሩ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገያል።

15 ደቂቃ ጠብቃችሁ እንደገና ለኩ። አሁንም ከ70 በታች ነው? ያንኑ ድገሙ። ከፍ ሲል ዳቦ ወይም እንጀራ ይብላ፤ አለዚያ ተመልሶ ይወርዳል።

ማሽን ከሌለ ወይም ስትሪፕ ካለቀ፣ ምልክቱ እያለ አትጠብቁ። ስኳር ስጡት። ስኳሩ ወጥቶ የነበረ ሰው በ4 ማንኪያ ስኳር የሚደርስበት ጉዳት ትንሽ ነው። ወርዶ የቆየ ስኳር ግን አንጎልን ሊጎዳ፣ ሊገድልም ይችላል።

ራሱን ከሳተ ግን አፉ ውስጥ ምንም አታድርጉ። ውሃም፣ ማርም፣ ለስላሳም። ወደ ሳንባው ይገባል። በጎኑ አስተኙትና በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። እዚያ ግሉኮስ በደም ሥሩ ይሰጠዋል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ስለሚዘናጋበት። ግሊቤንክላሚድ የሚባለውን ክኒን የሚወስዱ ሰዎች፣ በተለይ አዛውንትና ኩላሊታቸው የደከመ፣ ስኳራቸው ተስተካክሎ ከሰዓታት በኋላ እንደገና ሊወርድ ይችላል። መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ይቆያል። አባባ ተሻላቸው ብላችሁ አታስተኟቸው። ሆስፒታል ቆይተው ይታዩ።

4. ቁጥሩ ደህና ሆኖ ፊት ከተጣመመ ወይም እጅ ከዛለ

ፈገግ በል በሉት። ሁለቱንም እጅ አንሣ በሉት። ስሙንና የሰፈሩን ስም ይንገራችሁ። ፊቱ ወደ አንድ ጎን ከሄደ፣ አንዱ እጅ ቁልቁል ከወረደ፣ ወይም ንግግሩ ከተኮላተፈ ስትሮክ ነው ብላችሁ ተነሡ። ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ የታየበትን ሰዓት ጻፉ። ሐኪሙ መጀመሪያ ከሚጠይቃችሁ ነገር አንዱ ይህ ነው፤ የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው በመጀመሪያዎቹ 4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነውና። መድኃኒቱ በየሆስፒታሉ ባይገኝም ቶሎ መድረስ በሌላ በብዙ መንገድ ይጠቅማል።

አስፕሪን ቤት ውስጥ አትስጡ። ስትሮክ በተዘጋ የደም ሥርም በፈሰሰ ደምም ይመጣል፣ የሚለየው ሲቲ ስካን ነው። ደም እየፈሰሰ ከሆነ አስፕሪኑ ያባብሰዋል። የግፊት ክኒንም በራሳችሁ አትጨምሩ። ምግብና ውሃም ይቅር፣ የመዋጥ አቅሙ እስኪፈተሽ።

ፊት ብቻ ተጣሞ እጅና እግር ደህና የሚሆንበት ሌላ ሕመም አለ። የፊት ነርቭ ሲታመም የዚያ ጎን ግንባር አይጨማደድም፣ ዓይንም አይከደንም። በስትሮክ ግን ብዙውን ጊዜ ግንባሩ ይንቀሳቀሳል። ይህንን ለይቶ መወሰን የሐኪም ነው። ነርቩ ከሆነ የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል። ምች ነው ብሎ ሳምንት ዳማከሴ ሲያሹ መቆየት ያንን ጊዜ ይበላዋል።

5. ሰውነቱ ከተንፈራገጠ

በስልካችሁ ሰዓት ያዙ። ድንጋይ፣ ከሰል፣ ሹል ነገር ከአጠገቡ አርቁ። ከጭንቅላቱ ሥር ነጠላ ወይም ሽርጥ አጥፋችሁ አድርጉ። እጅና እግሩን አትያዙት። ማንኪያ አፉ ውስጥ አትክተቱ፤ ጥርስ ይሰብራል እንጂ ምላስ አያድንም። ክብሪት ጭራችሁ አታሽትቱት። ይህን በየመንገዱ አያለሁ፣ ልቤም ይደማል። ጭሱ ምንም አያቆምም። በዚያች ሰዓት የሚያስፈልገው አየር ነው፣ እኛ ግን የምንሰጠው ድኝ ነው።

መንፈራገጡ ሲያበቃ በጎኑ አዙሩት። አረፋውና ምራቁ ይፍሰስ። ከዚያ ስኳሩን ለኩ። ከ5 ደቂቃ በላይ ከቆየ፣ ሳይነቃ ከደገመው፣ የመጀመሪያው ከሆነ፣ ነፍሰ ጡር ከሆነች ወይም ጉዳት ከደረሰበት ወዲያው ሆስፒታል።

ከእናንተ አንዱ በስልክ ቪዲዮ ቢቀርጽ ትልቅ ውለታ ነው። ለሌላ ሰው ለማሳየት አይደለም፣ ለሐኪሙ ብቻ። የሚጥል በሽታ በአብዛኛው የሚታወቀው ያየ ሰው በሚነግረው ነው። የትኛው ጎን ጀመረ፣ ዓይኑ ተከፍቶ ነበር ወይ፣ ስንት ደቂቃ ቆየ፤ ቪዲዮው ይህን ሁሉ ይመልሳል።

መድኃኒት የጀመረ ሰው በአንድ ጊዜ አያቋርጥ። ፌኖባርቢታልን ድንገት ማቆም ራሱ የማይቆም መንፈራገጥ ሊያመጣ ይችላል። ደህና ሆኜ ከርሜያለሁ የሚል ሰውም ቢሆን፣ ብዙውን ጊዜ ቢያንስ 2 ዓመት ምንም ሳይነሳበት ከቆየ በኋላ ነው ሐኪሙ ቀስ እያለ መቀነስን የሚያስበው። ጠበሉም ዱዓውም ከክኒኑ ጋር አብሮ ይሂድ። ወጣት ሴቶች ቫልፕሮት የሚባለው መድኃኒት ከታዘዘላችሁ ማርገዝ እንደምታስቡ ለሐኪሙ ንገሩት። ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል።

6. ስኳሩ በጣም ከወጣ

ቁጥሩ ከ300 በላይ ሆኖ ትውከት፣ የሆድ ቁርጠት፣ ፈጣንና ጥልቅ ትንፋሽ፣ እንደበሰለ ፍሬ ያለ የአፍ ሽታ ካለ ቤት የሚቆይ ነገር አይደለም። ነቅቶ መጠጣት ከቻለ ወደ ሆስፒታል ሲሄድ መንገድ ላይ ውሃ ይጠጣ።

እዚህ ላይ በተለይ ልጆችን የሚጎዳ ልማድ አለ። «ምግብ አልበላም፣ ስለዚህ ኢንሱሊን አልሰጠውም» ይባላል። ኢንሱሊን ብቻ የሚወስድ ልጅ ታሞ ባይበላም ኢንሱሊኑ ፈጽሞ አይቋረጥም። መጠኑ ሊቀየር ይችላል፣ ስለ መጠኑ ደውላችሁ ጠይቁ። ጨርሶ ከተቋረጠ ግን ደሙ ወደ አሲድነት ይሄዳል።

7. «እኔ ስኳር አለብኝ ወይ?»

በድሬ ሙቀት ጥማት ማንንም አያስደነግጥም። ችግሩም ያ ነው። የምትለዩበት ቀላል መንገድ ልንገራችሁ። በሙቀት የተጠማ ሰው ሽንቱ ትንሽና ጠቆር ያለ ነው። በስኳር የተጠማ ሰው ግን ብዙ እየጠጣ ብዙ ይሸናል፣ ሌሊትም ደጋግሞ ይነሣል። ክብደት መቀነስና የዓይን ብዥታ ከተጨመረ አትዘግዩ። አልጋ ላይ መሽናት ያቆመ ልጅ እንደገና አልጋ ካረጠበ፣ ወይም ሽንቱ ላይ ጉንዳን ከተሰበሰበ በዚያው ቀን ይለካ።

ምርመራው ከባድ አይደለም። ቢያንስ 8 ሰዓት ሳይበሉ በላቦራቶሪ የተለካ ስኳር 126 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የስኳር በሽታ ነው። ከ100 እስከ 125 አፋፍ ላይ ነው። ምልክት ያለበት ሰው በማንኛውም ሰዓት 200 እና ከዚያ በላይ ካሳየ በቂ ነው። የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው ምርመራ ደግሞ 6.5 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የስኳር በሽታ ነው። ምልክት ከሌለ ግን አንድ ቁጥር ብቻ ይዛችሁ አትደንግጡ፣ ይደገም። ድሬ ላይ ድል ጮራ ሪፈራል ሆስፒታልና ጤና ጣቢያዎቹ አሉ። ሐረር ያላችሁ ሕይወት ፋናና ጁገል ሆስፒታሎች አሏችሁ።

8. ኢንሱሊንን ከድሬ ሙቀት ማዳን

ይህ ክፍል ይረዝማል፣ ለከተማችን ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ስለሆነ ነው። ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይፈልጋል። የተከፈተው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ በማይበልጥ ቦታ 4 ሳምንት ያህል ይቆያል። ግንቦትና ሰኔ ላይ የድሬ ቀን 35 ዲግሪን ሲያልፍ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ክፍል ምን ያህል እንደሚሞቅ ታውቁታላችሁ። ሙቀት ያገኘው ኢንሱሊን በዓይን ደህና ይመስላል፣ ጉልበቱ ግን ያልቃል። «መርፌውን እየወሰድኩ ስኳሬ አልወርድም አለ» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ መጠኑን ከመጠየቄ በፊት የት እንደሚያስቀምጠው እጠይቃለሁ።

ፍሪጅ ካላችሁ መሐለኛው መደርደሪያ ላይ አስቀምጡት። ከበረዶው ክፍል አጠገብ አይሁን። በረዶ የያዘው ኢንሱሊን ቢቀልጥም ተመልሶ አይሠራም፣ ይጣላል። መብራት ሲሄድ የፍሪጁን በር አትክፈቱ።

ፍሪጅ ከሌለ ሸክላ ይበቃል። ያልተቀባ ትልቅ ማሰሮ ፈልጉ፣ ውስጡ የሚገባ ትንሽ ማሰሮም ፈልጉ። በሁለቱ መካከል አሸዋ ሙሉና አሸዋውን በውሃ አርጥቡት። ብልቃጡን በትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ከድናችሁ ውስጠኛው ማሰሮ ውስጥ አኑሩት፣ ውሃ እንዳይነካው። አፉን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑ። ማሰሮውን ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ፣ ጥላ ያለበትና ነፋስ የሚያልፍበት ቦታ ላይ አስቀምጡት። ጠዋትና ማታ አሸዋውን ውሃ አጠጡት። ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። የድሬ ደረቅ አየር ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው። በዝናብ ሰሞን አየሩ ሲረጥብ ማቀዝቀዙ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ትንሽ ቴርሞሜትር ውስጡ ብታስቀምጡ ጥሩ ነው። ቁም ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ማሰሮ ግን ምንም አይሠራም፤ አየር የለማ።

ወደ ሐረር ስትወጡም ሆነ ባቡር ስትሳፈሩ ኢንሱሊኑን በእጅ ቦርሳ ያዙ። የመኪና መስታወት ሥር ወይም ጣሪያ ላይ ካለ ሻንጣ ጋር አይሁን። በረዶ ላይ በቀጥታ አታሳርፉት፣ በፎጣ ጠቅልሉት።

ከመውጋታችሁ በፊት ብልቃጡን ወደ ብርሃን አንሡት። ሬጉላሩ፣ ማለትም ቶሎ የሚሠራው ኢንሱሊን፣ እንደ ውሃ የጠራ መሆን አለበት። ሌንቴ የሚባለው፣ ቀስ ብሎ የሚሠራው፣ ደመናማ ነው፤ በሁለት መዳፍ መካከል ቀስ ብላችሁ አንከባሉት፣ አትነቅንቁት። ከተንከባለለ በኋላ ጉብጉብ ነገር ከቀረ ወይም የብልቃጡ ግድግዳ ላይ ነጭ ነገር ከተጣበቀ አትጠቀሙበት። የምትወጉበትን ቦታም ቀያይሩ። አንድ ቦታ ሲደጋገም ቆዳው ያብጥና ኢንሱሊኑ እኩል አይገባም። በሙቅ ውሃ ከታጠባችሁ ወይም ፀሐይ ላይ ከቆያችሁ በኋላ ኢንሱሊን ቶሎ እንደሚገባና ስኳር ሊጥል እንደሚችል አትርሱ።

9. ጫትና የምግብ ሰዓት

ከአወዳይ የሚመጣው ጫት ድሬ ሲደርስ የስንቱ ቤት ምሳ እንደሚዘለል እናውቃለን። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። የጠዋቱ ክኒን ወይም መርፌ ግን ሥራውን አያቆምም። በባዶ ሆድ በርጫ ላይ የተቀመጠ ሰው ስኳሩ ሲወርድ መንቀጥቀጡንና ላቡን ምርቃና ነው ይለዋል። በሌላ በኩል ጫቱ ራሱ ግፊትና የልብ ምት ይጨምራል፣ ለስላሳውና ስኳር የበዛበት ሻይ ደግሞ ስኳሩን ይሰቅለዋል። እንቅልፍ ማጣቱ የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው ቀስቃሽ ነው።

የምመክረው መተውን ነው። መተው ያልቻለ ግን ምሳውን በልቶ ይቀመጥ፣ በውሃ ያወራርድ፣ መሐል ላይ አንድ ጊዜ ይለካ፣ ጓደኞቹም ስኳር እንዳለበት ይወቁ።

ለረመዳን ከሚፆሙት መካከል ኢንሱሊን የሚወስዱ ሰዎች ወሩ ሳይገባ ሐኪም ጋ ይሂዱ። ጣት ወግቶ መለካት ፆም እንደማያስፈርስ ዑለማዎች ይናገራሉ። ከ70 በታች ወይም ከ300 በላይ ከሆነ ፆሙ ይፈታ።

10. እግርን በየማታው ማየት

ለዓመታት የወጣ ስኳር ነርቭን ይጎዳል፣ መጀመሪያም የሚጎዳው ረጅሙን የእግር ነርቭ ነው። እንደ ጉንዳን ይወረኛል፣ ያቃጥለኛል፣ ማታ ይብስብኛል ይላሉ። አስፈሪው ግን ማቃጠሉ ሳይሆን ዝምታው ነው፤ የማይሰማ እግር ሲቆስል አይናገርም።

ቤት ውስጥ እንዲህ ፈትሹ። ሰውየው ዓይኑን ይጨፍን። በጠቋሚ ጣታችሁ ጫፍ የአውራ ጣቱን፣ የመሐል ጣቱንና የትንሿን ጣት ጫፍ በየተራ ለ1 ወይም 2 ሰከንድ ንኩ። አትጫኑ፣ አትኮርኩሩ፣ ማሳረፍ ብቻ። በሁለቱም እግር 6 ቦታ ይሆናል። ሲሰማው «አዎ» ይበል። 2 ወይም ከዚያ በላይ ካመለጠው እግሩ አደጋ ላይ ነው፣ በክትትል ቀኑ ንገሩ።

ማታ ማታ በጣቶች መካከልና መርገጫውን በመስታወት እዩ። ሂና የተቀባ እግር ከሆነ የቆዳ ቀለም ለውጥ ስለሚሸፈን ይበልጥ በዳሰሳ ፈትሹ። ውሃውን በክርናችሁ ለኩ እንጂ በእግር አትሞክሩት። ጫማ ከመልበስ በፊት አራግፉት። መስጊድም ቤተክርስቲያንም ጫማ ወልቆ ነው የሚገባው፣ የድሬ የቀትር ንጣፍ ደግሞ የማይሰማ እግርን ጠብሶ ያሳብጠዋል። ወፍራም ካልሲ ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር። ቁስል ካያችሁ፣ ባያምም እንኳ፣ በማግሥቱ ሐኪም ጋ።

የእግር ማቃጠል ሁሉ ከስኳር አይደለም። ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ ቢ12 ቫይታሚንን ሊያሳንስ ይችላል፣ ያም ነርቭ ይጎዳል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት፣ መጠጥ፣ ሥጋ ደዌም እንዲሁ። ስለዚህ ከፋርማሲ «የነርቭ መርፌ» ገዝቶ በራስ መወጋት መንስኤውን ሸፍኖ ያቆየዋል። ለሕመሙ ሐኪሙ ማታ የሚወሰድ ዝቅተኛ መጠን ያለው አሚትሪፕቲሊን ሊያዝ ይችላል። እንቅልፍ ያመጣል፣ አዛውንት ሌሊት ሲነሡ ይጠንቀቁ።

11. እንቅርት

አጭር ላድርገው። አንገት አበጠ አላበጠ፣ ሰው ሁሉ ከሚሞቀው በላይ የሚሞቀው፣ ልቡ የሚመታ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ እየበላ የሚከሳ ሰው ቲኤስኤች የሚባለውን የደም ምርመራ ይጠይቅ። ድሬ ላይ የሚበርደው፣ የሚደክመው፣ ሆዱ የሚደርቅበት ሰውም እንዲሁ። መንቀጥቀጥ ሲኖር አሁንም ስኳሩ ይለካ።

የእንቅርት ሆርሞን ማሟያ ክኒን የሚወስዱ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ ይዋጡት። ቡናውም ቁጢውም (የቡና ቅጠል ሻዩም) ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቆይ፣ ቡና መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይቀንሰዋልና። የሆርሞን መቀነሻ የሚወስዱ ደግሞ ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም በአንድነት ከመጣባቸው ክኒኑን አቁመው በዚያው ቀን የደም ምርመራ ያድርጉ፤ መድኃኒቱ አልፎ አልፎ ነጭ የደም ሴልን ያወርዳል። ጨው አዮዲን ያለበትን ግዙ፣ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡ፣ ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሩት።

12. ለቀጠሮ ቀን

ደብተሩን፣ ማሽኑን፣ የክኒን ባዶ ፓኮዎችን፣ ሲሪንጁን ጭምር ይዛችሁ ሂዱ። ሲሪንጁ 100 የሚል ምልክት ካለው ብልቃጡም 100 ማለቱን እዚያው ከነርሷ ጋር አረጋግጡ። ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ዓይን፣ ኩላሊትና እግር መታየት አለባቸው፣ እናንተው ጠይቁ። ስኳሩ የወረደባቸውን ቀናት በቀይ እስክሪብቶ አስምሩባቸው። ሐኪሙ መጀመሪያ እነሱን ይይ።